ከቅለባው በኋላ

በቤዝቦል ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ፎቶግራፍ የሰው ፊት አይታይበትም። የሚታየው ጀርባ ነው። ጀርባው ላይ 24 ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ በላይ ጥቁር ቆብ፣ ከቆቡ ፊት ደግሞ ከፍ ብለው የተዘረጉ ሁለት እጆች። ሰውየው ጨዋታውን በሙሉ ከኋላው ትቶ ወደ ግንብ እየሮጠ ነው። ዊሊ ሜይስ ይባላል፤ የኒው ዮርክ ጃየንትስ የኋላ መሃል ተጫዋች፣ ያኔ የ23 ዓመት ወጣት። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1954 ነው፤ በእኛ መስከረም 19 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሜዳው ፖሎ ግራውንድስ ነው። ጨዋታው የዓመቱን ሻምፒዮን የሚለየው የወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ግጥሚያ ነው፤ ተጋጣሚው ደግሞ በዚያ ዓመት 111 ጨዋታ አሸንፎ የመጣው የክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ቡድን።

አሜሪካ ውስጥ አንድ የቤዝቦል ወዳጅ «ያ ቅለባ» ቢል የቱ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰባ ዓመት ሙሉ ሲወራለት ኖሯል። ጥቁርና ነጭ ፊልሙ አጭር ነው፤ ደጋግሞ ለማየት ጊዜ አይፈጅም። እኔ ባየሁት ቁጥር የሚገርመኝ ግን መቅለቡ ሳይሆን ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። ፎቶግራፉ ሥራውን እመሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። ኳሱ ጓንት ውስጥ ገብቶ ሕዝቡ መጮህ ሲጀምር ሜይስ ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር።

ይህ እንዲገባን ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን አንቀጽ ዝለሉት፤ ልጆቻችሁ አስተምረዋችኋል። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው ሦስቱን ቤዞች በየተራ ረግጦ ወደ ተነሳበት ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። በአንዱ ቤዝና በሌላው መካከል 27 ሜትር ተኩል ገደማ አለ። የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣል፤ አውት ማለት ይህ ነው። ሦስት አውት ሲሞላ የመምታት ተራ ለሌላው ቡድን ይሆናል፤ ሁለቱም አንዳንድ ተራ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ያልቃል፤ መደበኛው ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። አሁን ልብ መባል ያለበት አንድ ሕግ ነው። ኳሱ በአየር ላይ እያለ ቤዝ ላይ ያሉ ሯጮች ርቀው ቢሄዱ፣ ሲቀለብ ተመልሰው ቤዛቸውን መርገጥ አለባቸው። ከተቀለበ በኋላ ግን ከረገጡት ቤዝ ተነስተው መሮጥ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ ቅለባ ጨዋታውን አያቆመውም። እንዲያውም ለሯጩ «ሂድ» የሚል ምልክት ነው።

እንግዲህ ወደ ስምንተኛው ኢኒንግ እንምጣ። ውጤቱ 2 ለ 2 ነው። ክሊቭላንድ እየመታ ነው፤ አንድም አውት የለበትም። ሁለተኛው ቤዝ ላይ ላሪ ዶቢ፣ አንደኛው ላይ አል ሮዘን ቆመዋል። ዶቢ ተራ ሯጭ አይደለም። በ1947 በአሜሪካን ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው፤ በዚያ በ1954 ደግሞ ሊጉን በሆም ራን (ግንብ አልፎ በሚሄድ ምት) ብዛት የመራው እሱ ነበር። ከዚያም በላይ ራሱ የኋላ መሃል ተጫዋች ነው፤ ከሜይስ ጋር አንድ ሙያ ነው ያላቸው። የሜይስን ሥራ ከሜዳው ላይ ሆኖ መመዘን የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

መቺው ቪክ ዌርትዝ ይባላል፤ ግራኝ ነው። የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስቱንም ጊዜ መትቷል፤ ሁለቱን የክሊቭላንድ ነጥቦች ያስገባው የእሱ ዱላ ነው። የጃየንትስ አሰልጣኝ ሊዮ ዱሮቸር ወርዋሪያቸውን ሳል ማግሊን አስወጥተው ግራኙን ዶን ሊድልን አስገቡ፤ ግራኝ ወርዋሪ ለግራኝ መቺ ያስቸግራል ተብሎ ስለሚታመን። ሊድል የገባው ለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ወረወረ፤ ዌርትዝ መታው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሜዳውን ቅርጽ ሳያውቁ መረዳት አይቻልም።

ፖሎ ግራውንድስ እንግዳ ሜዳ ነበር። በማንሃተን ሰሜን፣ ሀርለም ጫፍ፣ ከገደል ሥር የተቀመጠ ሲሆን ቅርጹ እንደ ፈረስ ኮቴ ረዘም ብሎ ይጠባል። ከመቺው ተነስቶ በቀኝ ጠርዝ እስከ ግንቡ ያለው 78 ሜትር ብቻ ነው፤ በግራ ጠርዝ 85 ሜትር። ወደ መሃል ግን ሜዳው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ የተጫዋቾቹ ልብስ መቀየሪያ ሕንፃ ጋ ሲደርስ 147 ሜትር ይሆናል። እዚያ ጥግ ድረስ ሜዳ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞተው ለቀድሞው የጃየንትስ ተጫዋች ለኤዲ ግራንት የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ሳይቀር በጨዋታው ክልል ውስጥ ነበር። በሌላ ሜዳ ግንብ አልፎ ሆም ራን የሚሆን ኳስ እዚህ መሃል ላይ ከተመታ ገና ሊቀለብ ይችላል፤ በሌላ ሜዳ ምንም የማይሆን ኳስ ደግሞ እዚህ ጠርዝ ይዞ ከሄደ ሆም ራን ይሆናል። ሁለቱም ነገር በዚያው ከሰዓት ደርሷል።

የሜይስ ጥበብ የሚጀምረው ኳሱ ከመመታቱ በፊት ነው። ከኋላው ያን ሁሉ ባዶ ሜዳ ትቶ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ቆሞ ነበር። ስህተት ይመስላል፤ አይደለም። ዌርትዝ አጭር ኳስ ቢመታ፣ ዶቢ ከሁለተኛው ቤዝ ተነስቶ ነጥብ ማስገባቱ ነው፤ እሱን ለማስቀረት ኳሱን ፈጥኖ አንስቶ ወደ ውስጥ መላክ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ቅርብ መሆን ግድ ነው። ዋጋው ከራስ በላይ የሚያልፈውን ኳስ መድረስ አለመቻል ነው። ሌሎች የኋላ መሃል ተጫዋቾች ይህን ዋጋ ፈርተው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሜይስ ግን ኳሱ ከዱላው ሲነሳ የሚያነበው ከማንም ቀድሞ ስለሆነና እግሩን ስለሚያምነው፣ የፊቱን ሜዳ በቆመበት፣ የኋላውን በሩጫ እጠብቃለሁ ባይ ነው። መቺዎችን ያጠና ነበር፤ የትኛው ሰው የትኛውን ውርወራ ወዴት እንደሚልከው በቃሉ ይዞ ግራና ቀኝ ያሉትን ጓደኞቹን ሳይቀር ቦታ ያስቀይራቸው ነበር። ተመልካች ይህን አያይም፤ የሚያየው ሩጫውን ብቻ ነው።

ለኋላ ሜዳ ተጫዋች ከሁሉ የሚከብደው ወደ ጎን የሚሄድ ኳስ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ራሱ የሚመጣው ነው። ወደ ጎን የሚሄደውን አቅጣጫውንም ፍጥነቱንም ዓይን ይለየዋል። በቀጥታ የሚመጣው ግን ቦታውን ሳይቀይር ከፍ ከፍ ሲል ብቻ ይታያል፤ ከፊት ይውደቅ፣ ከራስ በላይ ይለፍ፣ በመጀመሪያው ቅጽበት መለየት ያስቸግራል። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይላል፤ ያቺ አንድ እርምጃ ጨዋታውን ታስበላለች። የዌርትዝ ኳስ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ዝቅ ብሎ የሚሮጥ ረጅም ምት ነበር፤ ርቀቱን አንዳንዶች ወደ 128 ሜትር፣ ሌሎች እስከ 140 ሜትር ይገምቱታል። ሜይስ ወደ ፊት አላለም። ዱላው ኳሱን እንዳገኘ ዞረ፤ ፊቱን ወደ ግንቡ አደረገ፤ ሮጠ።

ፊልሙ ላይ በደንብ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ሩጫው መሃል ላይ ኳሱን አያየውም። ይህ ለጀማሪ የማይታመን ነው። አንገትን ወደ ኋላ ጠምዝዞ የሚሮጥ ሰው ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እርምጃው ይዛባል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ፊት የሚሮጥ ሙሉ ጉልበቱን ይጠቀማል። ችግሩ ኳሱን ዓይን ሳያየው የት እንደሚወርድ በአእምሮ መያዙ ነው። ሜይስ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ባየው ብቻ ከፍታውንም፣ ርቀቱንም፣ የንፋሱንም ጉዳይ አስልቶ የሚገናኙበትን ቦታ ወስኗል፤ ቀሪው ቀጠሮ ማክበር ነው። ግንቡ ሲቀርብ ቀና ብሎ ፈለገው፤ ኳሱ ባሰበው ቦታ ላይ ነበር።

በመቀመጫዎቹ ላይ 52,751 ሰው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ አርኖልድ ሃኖ የተባለ ጸሐፊ ነው፤ በመሃል ሜዳ በኩል ጣሪያ በሌለው ርካሽ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ የታዘበውን የዚያን የአንድ ቀን ውሎ በዓመቱ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። ከእሱ ጋር የተቀመጡት ሜይስ ፊት ለፊት ወደ እነሱ ሲመጣ ያዩት ናቸው። ካሜራዎቹ ከኋላው ነበሩ፤ ስለዚህ እኛ ፊቱን አላገኘንም።

አሁን ወደ እጁ። ሜይስ ከፍ ያለ ኳስ ሲቀልብ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ የመቀበል ልማድ ነበረው፤ አሰልጣኞች ለልጆች «እንደ እሱ አታድርጉ» የሚሉት ዓይነት። ሌላው ተጫዋች እጁን ከፊቱ በላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚቀልበው። የእሱ አቀላለብ ለትርኢት ነው የሚሉ ነበሩ፤ እሱ ግን ኳሱ ወገብ ላይ ሲገባ ለመወርወር ዝግጁ ያደርገኛል ይል ነበር። በዚያ ቀን ኳሱ ከበስተኋላው ከግራ ትከሻው በላይ ሲወርድ የተጠቀመው ይህንኑ የእጅ ልማድ ከፍ አድርጎ ነው፤ ሁለት እጅ፣ መዳፍ ወደ ሰማይ፣ ጓንቱ በግራ፣ ባዶዋ ቀኝ እጅ አጠገቡ። የ1950ዎቹ ጓንት የዛሬውን አይመስልም። አነስ ያለ ነው፣ ኳስ የሚያርፍበት ጉድጓዱም ጥልቅ አይደለም፤ ኳስ በራሱ አይዝም፣ እጅ ነው የሚይዘው። ሙሉ ፍጥነት እየሮጠ፣ ከኋላው የሚመጣውን ኳስ፣ በእንዲህ ያለ ጓንት ሳያንጥረው መቀበል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እጆቹ ኳሱን አይነጥቁም። ከኳሱ ጋር አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይዘጋሉ።

ፎቶግራፉ እዚህ ላይ ያበቃል።

ፊልሙ ግን ይቀጥላል፤ የዶቢም ሩጫ ይቀጥላል። እንዲህ ሩቅ ቦታ ላይ በተቀለበ ኳስ ፈጣን ሯጭ ከሁለተኛው ቤዝ ተነስቶ ሦስተኛውን አልፎ እስከ መጨረሻው ሊገባ ይችላል፤ ሁለት ቤዝ፣ 55 ሜትር ገደማ። ቀላቢው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግንብ እየሮጠ ከሆነ፣ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተስተካክሎ እስኪወረውር ድረስ ሯጩ መንገዱን ጨርሷል። ሜይስ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ሩጫ ሲጠየቅ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ እንደምቀልበው አልተጠራጠርኩም፣ ስሮጥ ያሳሰበኝ ኳሱን እንዴት እንደምመልሰው ነበር የሚል ትርጉም ያለው ነገር። ይህን እንደ ጉራ የሚሰማው ይኖራል። እኔ ግን እንደ ባለሙያ ንግግር ነው የምሰማው። ጥሩ አናጢ እንጨት ሲቆርጥ የሚያስበው ስለ መገጣጠሚያው ነው።

መቆም አልቻለም፤ ፍጥነቱ አያስቆመውም፤ ግንቡም ቅርብ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከመታገል ይልቅ አዞረው። እግሩን ተክሎ ሰውነቱን በሙሉ አሽከረከረ፤ ወደ ግንቡ ይወስደው የነበረው ጉልበት ሁሉ በዙሪያው ተጠቅልሎ ቀኝ ክንዱ ላይ ወጣ። ቆቡ ከራሱ ላይ በረረ። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ሰውነቱ ገና በመዞር ላይ ነበር፤ ወርውሮ መሬት ላይ ወደቀ። ያን ውርወራ ሲያወጣ ዒላማውን በቅጡ ለማየት ጊዜ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ቤዝ የት እንዳለ ግን ያውቃል። ኳሱም ሜዳውን አቋርጦ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ዶቢ ሁለተኛውን ቤዝ ረግጦ ተነስቶ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሮዘን አንደኛው ላይ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ከዚያ ሁሉ ምት፣ ክሊቭላንድ ያገኘው አንድ ቤዝ ብቻ ነው። ነጥብ የለም።

ይህ መዞር በዚያ ቀን የተፈለሰፈ አልነበረም። በኦገስት 15 ቀን 1951፣ ሜይስ ትልቁን ሊግ በተቀላቀለበት ዓመት፣ በዚያው በፖሎ ግራውንድስ ብሩክሊን ዶጀርስ እየተጫወተ ነበር። ውጤቱ 1 ለ 1፣ ኢኒንጉ እንደገና ስምንተኛው፣ የዶጀርሱ ቢሊ ኮክስ ሦስተኛው ቤዝ ላይ። ካርል ፉሪሎ ኳሱን ወደ መሃልና ቀኝ መካከል አነሳው። ሜይስ በሩጫ ደርሶ ቀለበው፤ ሩጫው ግን ከዒላማው በተቃራኒ ስለወሰደው በተለመደው መንገድ ቢቆምና ቢወረውር አይደርስም። በግራ ተረከዙ ላይ ሙሉ ዙር ዞረ፤ ኳሱን ከመቺው ኋላ ለሚቆመው ያዥ ለዌስ ዌስትረም ላከው፤ ኮክስ ነጥብ ከማስገባቱ በፊት ተያዘ። የዶጀርሱ አሰልጣኝ ቻርሊ ድሬሰን ስለዚያ ውርወራ ሲጠየቁ እስኪ ደግሞ ያድርገውና እናያለን ብለው ነበር ይባላል። ሦስት ዓመት ጠብቀው ቢሆን ኖሮ መልሱን ያገኙት ነበር፤ በ1954 ያው ሰው፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ኢኒንግ፣ ያንኑ መዞር ከበፊቱ በራቀ ቦታና በባሰ ሁኔታ ደገመው። ስለዚህ ነው የዚያን ቀን ነገር «ተአምር» የሚለው ቃል ደስ የማይለኝ። ተአምር አይደገምም፤ ሙያ ነው የሚደገም።

ሙያውን ከየት አገኘው? አባቱ በአላባማ በብረት ፋብሪካ ቡድኖች የሚጫወቱ፣ በቅልጥፍናቸው «ካት» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ሰው ነበሩ። እሱ ራሱ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ በ1948፣ የበርሚንግሃም ብላክ ባሮንስ ቡድን ውስጥ ገባ። በዘር መለያየት ምክንያት ጥቁሮች በራሳቸው ሊጎች የሚጫወቱበት ዘመን ገና አላበቃም ነበር። እዚያ ያገኘው አሰልጣኝ ፓይፐር ዴቪስ ራሱ እየተጫወተ ቡድኑን የሚመራ ሰው ነበር፤ ልጁን ከአዋቂዎች መካከል አስገብቶ አሠለጠነው። በዚያ ሊግ ጉዞው በአውቶቡስ ነው፤ ሜዳው በየከተማው ይለያያል፤ ሣሩ፣ ግንቡ፣ መብራቱ የተለያየ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድግ የኋላ ሜዳ ተጫዋች አዲስ ሜዳን በአንድ እይታ ማንበብ ይማራል። ፖሎ ግራውንድስ ላይ ያየነው ዓይን እዚያ የተሳለ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

የሚቃወሙም አሉ፤ ንግግራቸውም ባዶ አይደለም። በዚያ ቀን ክሊቭላንድ በኩል ተቀምጦ የነበረው ታላቁ ወርዋሪ ቦብ ፌለር እስከ እርጅናው ድረስ ያን ያህል አልተደነቀም። ኳሱ አየር ላይ ብዙ ስለቆየ እንደሚደርስበት እናውቅ ነበር፣ ቆቡም የሚወድቀው ለትርኢት ነው ባይ ነበር። ስለ ቆቡ እውነት አለው፤ ሜይስ ሕዝቡ የሚወደው መሆኑን አውቆ ከራሱ ልክ የማይገጥም ቆብ ያደርግ እንደነበር ኋላ ላይ አምኗል። ሜይስ ራሱም ይህን ከቅለባዎቹ ሁሉ ምርጥ ነው ብሎ አያውቅም፤ በ1952 በብሩክሊን ኤቤትስ ፊልድ ከቦቢ ሞርጋን ምት የቀለበውን ያስበልጥ ነበር። ግን ያኛው በሰፊው አልታየም፤ ይኼኛው በወርልድ ሲሪስ፣ በቴሌቪዥን ፊት ሆነ። ፌለር ትክክል የሚሆነው ሥራው መቅለብ ብቻ ከሆነ ነው። ስለ ውርወራው ሲመጣ ክርክሩ ይወድቃል፤ ዶቢ ሦስተኛው ላይ የቆመው ለትርኢት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። ሊድል አንዱን ሰውዬውን ጨርሶ ወጣ፤ ሲወጣ «እኔ የእኔን ሰው አስወጥቻለሁ» አለ እየተባለ ይቀለዳል፤ ቀልድ ሆኖ የቆየው ያ ሰው ኳሱን 130 ሜትር ስለላከው ነው። በምትኩ ማርቭ ግሪሰም ገባ። አንድ መቺ ሳይመታ ወደ አንደኛው ቤዝ በነጻ አሳለፈና ሦስቱም ቤዝ ሞላ፤ ቀጥሎ ዴቭ ፖፕን ኳስ ሳያስመታ አስወጣ፣ ጂም ሄጋን የመታውም ኳስ በአየር ላይ ተቀለበ። ክሊቭላንድ ነጥብ ሳያስገባ ተራው አለቀ። ዶቢ አንድ ቤዝ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዘጠነኛውም በ2 ለ 2 አልቆ ጨዋታው ወደ አሥረኛ ኢኒንግ ተሻገረ። እዚያ ላይ ዌርትዝ እንደገና መታ፤ ኳሱ በግራና በመሃል መካከል ሰንጥቆ ሄደ፤ ሜይስ ደርሶ አቋረጠውና ዌርትዝ ሁለተኛው ቤዝ ላይ እንዲገታ አደረገው። ሰው ስለዚህኛው አያወራም። እኔ ግን ለሙያ ወዳጅ ይህኛው ከበፊቱ ብዙ አያንስም እላለሁ፤ ያመለጠው ቢሆን ኖሮ ኳሱ እስከ ጥጉ ተንከባሎ መቺው ቤዞቹን በሙሉ ሊዞር በቻለ ነበር። ክሊቭላንድ በዚህም ተራ ነጥብ አላገኘም።

በጃየንትስ ተራ ሜይስ በነጻ አለፈ፣ ሁለተኛውን ቤዝ በሩጫ ሰረቀ። ዱሮቸር ሞንቲ ኧርቪንን አስወጥተው ደስቲ ሮድስን በምትኩ ላኩ። ሮድስ የክሊቭላንዱን ወርዋሪ የቦብ ሌመንን የመጀመሪያ ውርወራ ወደ ቀኝ ጠርዝ መታው። ኳሱ የሄደው 79 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግንቡን ግን አልፎ ሰው መሃል ወደቀ። ሦስት ነጥብ፤ 5 ለ 2፤ ጨዋታው አለቀ። የዌርትዝ 130 ሜትር አውት፣ የሮድስ 79 ሜትር ሆም ራን፤ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ከሰዓት። ጃየንትስ ቀሪዎቹን ሦስት ጨዋታዎችም ተከታትለው አሸንፈው 4 ለ 0 ሻምፒዮን ሆኑ። የክሊቭላንድ ቡድን በ1948 ካሸነፈው ወዲህ ያንን ዋንጫ እስከ ዛሬ አላገኘም።

ስለ ዌርትዝ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በዚያ ጨዋታ አምስት ጊዜ ወጥቶ አራት ጊዜ መትቷል፤ በተከታታዮቹ አራት ጨዋታዎች 16 ጊዜ ወጥቶ ስምንት ጊዜ። በቀጣዩ ዓመት ፖሊዮ ያዘው፤ አገግሞ ተመለሰና በ1956 በአንድ የጨዋታ ዘመን 32 ሆም ራን መታ። ሕዝብ ግን የሚያስታውሰው ያላገኘውን አንዷን ኳስ ነው። ለዚያ ኳስ ምስጋና የሚገባው ግማሹ የእሱ ነው፤ ያን ያህል ባይመታው ሜይስ ያን ያህል ባልሮጠ።

ሜይስ ያንን የጨዋታ ዘመን የጨረሰው በ0.345 የመምታት አማካይ የናሽናል ሊግ ቀዳሚ ሆኖ፣ በምርጥ ተጫዋችነትም ተመርጦ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ በሠራዊት ውስጥ ቆይቶ መመለሱ ነበር። ለተከላካዮች የሚሰጠው ጎልድ ግላቭ የሚባለው ሽልማት ከሦስት ዓመት በኋላ በ1957 ሲጀመር ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ 12 ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ጃየንትስ በ1957 መጨረሻ ኒው ዮርክን ለቀው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዱ። ፖሎ ግራውንድስ በ1964 ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። ያ ጓንት በኩፐርስታውን የቤዝቦል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሜይስ በጁን 18 ቀን 2024 በ93 ዓመቱ አረፈ፤ በሁለተኛው ቀን በርሚንግሃም ውስጥ፣ ልጅ ሆኖ በተጫወተበት በሪክውድ ፊልድ፣ ለጥቁሮች ሊጎች መታሰቢያ ተብሎ አስቀድሞ የተያዘ የትልቁ ሊግ ጨዋታ ተካሄደ።

ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ እዩት። አንድ ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ ኳሱን ተከተሉ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ኳሱን ተዉትና እግሩን ብቻ እዩ፤ ከተቀለበበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪወድቅ ድረስ እግሩ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቁጠሩ። ከዚያ ፎቶግራፉን ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ካጋጠማችሁ፣ የምርጡ ሥራ ምስል እዚያ ላይ እንደሌለ ንገሩት።